«ስሟ ተጠራ ወይ?» ሲሉኝ ዋሸኋቸው

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

በደቡብ እስራኤል በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ከጠገዴ ተነሥተን በእግር ሱዳን ስንገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በ1984 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዘመቻ ሙሴ፣ ማለትም ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን በአውሮፕላን ባጓጓዘው ዘመቻ፣ ወደዚህ አገር ከመጡት አንዱ ነኝ።

ባለፈው ወር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ይዘን ፖላንድ ሄደን ነበር። ጉዞው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲደረግ የኖረ ነው፤ ልጆቹ ለስምንት ቀን ያህል የጌቶዎቹን (አይሁዶች ታጉረውባቸው የነበሩ ሰፈሮችን) ፍርስራሽና የሞት ካምፖቹን ያያሉ። በሁለተኛው ቀን ከዋርሶ ሰሜን ምሥራቅ ጫካ ውስጥ ወዳለው ትሬብሊንካ ደረስን። ናዚዎች በ1942 እና በ1943 ከ800,000 በላይ አይሁዶችን ከፈጁበት በኋላ ካምፑን አፍርሰው መሬቱን ስላረሱት፣ ዛሬ ግድግዳ የሚባል ነገር አይታይም። ያለው በኋላ የተተከለው 17,000 ድንጋይ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ቆመን ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ያለቁትን ሰዎች ስም በየተራ ያነባሉ። የስም ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ልንጀምር ስንል አንዲት ተማሪዬ ከደብተር የተቀደደ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። በአማርኛ ፊደል አንድ ስም ተጽፎበታል፤ ከሥሩ «ኡም ራኩባ፣ የሦስት ዓመት» ይላል። የአያቷ የበኩር ልጅ ናት፤ በሱዳኑ የስደተኞች ካምፕ ሞታ ሌሊት የተቀበረች። «ፊደሉን አላውቀውም፣ እርስዎ ያንብቡልኝ» አለችኝ። ሌሎቹ መምህራን ይመለከቱን ነበር። «ይህ ቦታው አይደለም» አልኳትና ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አስቤበታለሁ። በዚያ ምድር ላይ የሌላውን ሐዘን በእኛ ሐዘን እንዳልሸፍን ፈራሁ። ግን «እናንተ ደግሞ እዚህ ምን አገባችሁ» የሚል ዓይንም ፈርቻለሁ። ልጅቷ በቀሩት ቀናት አላናገረችኝም። ማይዳኔክ ካምፕ ውስጥ ከጫማው ክምር ፊት ቆማ ሳያት ልጠጋት አስቤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

የባሰው ግን ስንመለስ ሆነ። አያቷ ነጠላቸውን አጣፍተው አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቁን። እጄን ይዘው «ስሟ ተጠራ ወይ?» አሉኝ። «አዎ፣ ተጠርቷል» አልኳቸው። ትከሻዬን ሳሙኝና «እንግዲህ እርሜን አወጣሁ» አሉ። ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር።

ወረቀቱ አሁንም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?

መምህሩ

*

ውድ መምህር፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ ትሬብሊንካ ላይ ስላመነቱበት ነገር ልናገር፤ ማመንታትዎን አልነቅፍም። ያ ቦታ የሞቱበት ሰዎች ነው። ከእነዚያ ድንጋዮች በአንዳንዶቹ ላይ ያለው የጠፉ ከተሞችና ማኅበረሰቦች ስም ነው፤ የሰው ስም የተቀረጸበት አንድ ብቻ ነው። እሱም የያኑሽ ኮርቻክ ነው፤ በነሐሴ 1942 ከዋርሶ ጌቶ ከሚያሳድጋቸው 200 ያህል ልጆች ጋር አብሮ የተወሰደው የልጆች ሐኪምና አስተማሪ። ከስሙ ቀጥሎ «እና ልጆቹ» ይላል። እርስዎ ድንጋዩን በዓይንዎ አይተውታል። የልጆቹ ስም ግን የለበትም። እርስዎም ዝርዝር ይዘው ወደዚያ የሚሄዱት ስም ያጡ ሙታን ስማቸው እንዲጠራ አይደለም? ተማሪዎ የጠየቀችዎት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ያም ሆኖ ስሟ በዚያ ሰዓት አለመነበቡ ብቻውን በደል ላይሆን ይችል ነበር። «ማታ ሆቴል ስንሰበሰብ እናነብላታለን» ቢሏት ትረዳዎት ነበር። የበደሏት «ቦታው አይደለም» ብለው ሌላ ቦታ ሳይሰጧት በመተውዎ ነው። ፊደሉን ማንበብ የሚችል ሌላ መምህር በአጠገቧ ቢኖር ኖሮ እንኳን ደግ፤ እሷ ግን የነበሯት እርስዎ ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ውሸቱ ልምጣ፤ ዋናው ይህ ነውና። የሚቀርቡዎት ሰዎች «ተዋቸው፣ አሮጊቷ እርማቸውን አውጥተዋል፣ ሰላማቸውን አታደፍርስ» ይሉዎት ይሆናል። አይስሟቸው። ያ ሰላም የቆመው በአንዲት የ17 ወይም የ18 ዓመት ልጅ ዝምታ ላይ ነው። አያቷ ጉዞውን ባነሡ ቁጥር፣ ለጎረቤት «የልጄ ስም ተጠርቶላታል» ባሉ ቁጥር፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እርስዎ የፈጠሩትን ነገር እሷ እንድትሸከምልዎ ማድረግ አይችሉም።

መጀመሪያ ልጅቷን ያነጋግሩ። ምክንያት አይደርድሩ፤ የዓይን ፍርሃቱም ሆነ የቦታው ክብር ለኔ የነገሩኝ ይበቃል። «ወረቀትሽን ኪሴ ከትቼ ዝም አልኩ፣ አያትሽንም ዋሸሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ይበሏት። አያቷ ዘንድ መቼና እንዴት መሄድ እንደሚሻል እሷን ይጠይቋት፤ ከርስዎ ይልቅ የቤቱን ሁኔታ ታውቃለች። ከዚያ ይሂዱ። በእኛ ባህል በደል ሲኖር ሽማግሌ መላክ የተለመደ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ባይልኩ እመርጣለሁ። አያቷ የያዙት የእርስዎን እጅ ነው፤ እውነቱንም ከርስዎ አፍ መስማት አለባቸው። ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ ሊቆጡም ይችላሉ። ይቀመጡ፤ ቶሎ ለመነሣት አይቸኩሉ። ልጅ ሌሊት ቀብሮ፣ አይሁድነቱ እንዳይታወቅ ልቅሶ እንኳን ሳይቀመጥ ለዓመታት ለኖረ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጡት ምንም አይደለም።

ስሟ የት ይጠራ የሚለውን እሳቸው ይወስኑ። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ላለቁት ወደ 4,000 ለሚገመቱ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሟል፤ በየዓመቱ በአይሁድ አቆጣጠር ኢያር 28 ቀን እዚያ ይታሰባሉ። ፈቃዳቸው ከሆነ አያትና የልጅ ልጅን ይዘው ይሂዱ። እሳቸው ቤታቸው ሻማ በርቶ ይጠራ ካሉም ቤታቸው ይጠራ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ስሟን እርስዎ አያንብቡት። ልጅቷ ታንብበው። አንድ ስም ሦስት ወይም አራት ፊደል ነው፤ ማታ ማታ አብረዋት ቢቀመጡ በሳምንት ውስጥ ትለየዋለች። እርስዎ መምህር አይደሉ?

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከጉዞው በፊት ከባልደረቦችዎ ጋር ይነጋገሩ። የሱዳን መንገድ ሙታን ያሏቸው ልጆች በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ አንድ ምሽት ይያዝላቸው። ያ ዓይን ያሉት ምናልባት የለም፤ ቢኖርም በጉባኤ ላይ ይታይ እንጂ በልጅ ላይ አይረፍ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ስለራስዎ ሙታን አንድም ቃል አላየሁም። አልጠይቅዎትም። በስምንት ዓመት ልጅነትዎ በዚያ መንገድ እንዳለፉ ግን አልረሳሁም።

ወረቀቱን ከጃኬቱ ኪስ ያውጡትና በንጹሕ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡት። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ለልጅቷ ይደውሉላት።