ከሚኒስትር ዴኤታነት ወደ ማዘጋጃ ቤት

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ማዘጋጃ ቤት የተቀጠረችው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ችዬ ልቆይና ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እዛወራለሁ» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በቤት ጉዳይ ክፍል ሠርቼ ጡረታ ለወጣሁት ለእኔ «ችዬ» የሚለው ቃል ከበደኝ። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ስለ ጆርጆ ላ ፒራ ልንገራችሁ። ጣሊያን ሲባል ለእኛ ቀድሞ የሚታወሰን ማይጨውና የካቲት 12 ነው፤ ልክም ነው። ይህ ሰው ግን በዚያው በሙሶሊኒ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ስለ ሰው ልጅ ክብር የሚሟገት መጽሔት ጀምሮ በዓመቱ ተዘግቶበታል። የሲሲሊ ተወላጅ፣ በፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ የሮማ ሕግ መምህር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያንን ሕገ መንግሥት ባረቀቀው ጉባኤ ተቀመጠ፤ በ1948 በጠቅላይ ሚኒስትር ዴ ጋስፔሪ መንግሥት የሠራተኛ ሚኒስትር ዴኤታ ሆነ። በ1951 ደግሞ የፍሎረንስ ከንቲባ። በእኛ አስተሳሰብ ይህ ቁልቁል መውረድ ነው። ስሙ የተከለው ግን እዚያ ነው።

የተረከባት ከተማ የቆሰለች ነበረች። ጀርመኖች በ1944 ሲያፈገፍጉ ከፖንቴ ቬኪዮ በቀር የከተማዋን የአርኖ ወንዝ ድልድዮች ሁሉ አፍርሰዋል። ከቤቱ የተባረረው ሰው እየበዛ፣ የሀብታሞች ቪላ ደግሞ ባዶውን ተዘግቶ ነበር። ላ ፒራ የሕግ ሰው ነውና ከ1865 ጀምሮ የነበረ፣ በአስቸኳይ ጊዜ የግል ንብረት ለመያዝ የሚፈቅድ ሕግ ከመደርደሪያ አውርዶ ቪላዎቹን ያዘ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኛ ቢሮ ሕግ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ «አይቻልም» ለማለት ነበር። እሱ «ይቻላል» ለማለት አገላበጠው። በኅዳር 1954 ደግሞ ኢዞሎቶ የተባለውን አዲስ ሰፈር መርቆ ለቤተሰቦች ቁልፍ አስረከበ፤ አደባባዩን፣ አትክልቱን፣ ትምህርት ቤቱን እንደ ጋራ ቤታቸው እንዲጠብቁም አደራ አላቸው።

በ1953 ፒኞኔ ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል ሠራተኞቹ ግቢውን ይዘው አልወጣም አሉ። ከንቲባው ከጎናቸው ቆመ፤ የመንግሥት የነዳጅ ድርጅት የሆነው የኤኒ ኃላፊ ኤንሪኮ ማቴይም ፋብሪካውን እንዲረከብ ወተወተው። በማግሥቱ ዓመት «ኑዎቮ ፒኞኔ» ተብሎ ቀጠለ።

ሉዊጂ ስቱርዞ፣ ቄስም አንጋፋ ፖለቲከኛም የነበሩት፣ ሁሉን በመንግሥት ጫንቃ ላይ ይጭናል ብለው በአደባባይ ተቹት። ነቀፋውን ከንቱ አልለውም፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ምንጊዜም መጠየቅ አለበት። ግን ፋብሪካው በር ላይ የቆመውን ሰው ፊት ለፊት ያየው ከንቲባው ነው።

እኔ አንድ ጊዜ አላየሁም። አንዲት እናት ጣሪያቸው አፍስሶ ቤት ይቀየርልኝ ብለው አመለከቱ። በመጡ ቁጥር «ነገ ይመለሱ» እላቸዋለሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ፋይላቸውን ስገልጥ የጎደለው አንድ ፊርማ ነበር፤ የእኔው ፊርማ። የማመልከቻቸው ጠርዝ በዝናብ ርሶ የደረቀ ነበር፤ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ስማቸው ብቻ ይነበባል። እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ላ ፒራ በ1976 እንደገና ፓርላማ ገብቶ በዓመቱ አረፈ። ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፦ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ወርደሽ ከሁሉ የቆየውን ፋይል አስወጪ፣ ባለጉዳዩንም ራስሽ ደውለሽ ጥሪ።