የእንግሊዛዊ ቅድመ አያታችሁን የዘመቻ ታሪክ ለምትፈልጉ ልጆቼ

ብሪታንያ ተወልዳችሁ ያደጋችሁና በአንድ ወገን የእንግሊዝ ወይም የስኮትላንድ ደም ያላችሁ ወጣቶች፣ ስለ ዘማች ቅድመ አያታችሁ ስትጠይቁኝ ልቤ ይሞላል። ዕድሜዬን ከመዛግብት ጋር ስለጨረስኩ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ፍለጋችሁን በስም ብቻ አትጀምሩ። ጆን ስሚዝ የተባለ ወታደር ስፍር ቁጥር የለውም፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው መለያ ቁጥሩና የጦር ክፍሉ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ክብ የብር ሜዳሊያ ቤት ውስጥ ካለ፣ የንጉሡን ምስል ተዉትና ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙሩት። ቀስ እያላችሁ ስታሽከረክሩት ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል በደቃቅ ፊደል ተቀርጾ ታገኛላችሁ። በ1917 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቴሪቶሪያል ጦር፣ ማለትም በትርፍ ጊዜያቸው የሚያገለግሉ የበጎ ፈቃድ ወታደሮች ጦር፣ አባላት አዲስ ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ አንድ ሰው ሁለት ቁጥር ቢኖረው አትደናገጡ።

የግል ፋይሉ ላይገኝ ይችላል። በሴፕቴምበር 1940 ጀርመኖች ለንደንን በቦምብ ሲደበድቡ የጦር ሚኒስቴሩ መጋዘን ነደደና ከተራ ወታደሮቹ ፋይል ከግማሽ በላይ ጠፋ። ከእሳቱ የተረፈው፣ ዳር ዳሩ የከሰለው ወረቀት ለንደን ውስጥ ኪው በተባለ ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እስከ ዛሬ «የተቃጠሉ ሰነዶች» ይባላል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የሻለቃውን፣ ማዕረጉን ሳይሆን የጦር ክፍሉን ማለቴ ነው፣ የዕለት ውሎ መዝገብ ነው። ግንባር ላይ አንድ መኮንን የት እንዳደሩ፣ መቼ ምሽግ እንደገቡ፣ ስንት ሰው እንደወደቀ በየቀኑ ይጽፍ ነበር። ተራው ወታደር በስሙ የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው፤ ቢሆንም የቆሰለበትን ቀን ካወቃችሁ በዚያን ዕለት ሻለቃው ምን እንደገጠመው እዚያ ታነባላችሁ። ይሁንና አደራ፣ ሻለቃው ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦር ሜዳ ላይ ተዋጋ ማለት አያታችሁ ሶም ላይ ነበር ማለት አይደለም። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ፈቃድ ወጥቶ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ሲያወራው የኖረው ሁሉ በወረቀት አይደገፍምና፣ የተረጋገጠውንና የተገመተውን ለይታችሁ ጻፉ።

ከባድ ነገርም ሊገጥማችሁ ይችላል። በዚያ ጦርነት ከድተዋል ወይም ፈርተዋል ተብለው በገዛ ወገናቸው ጥይት የተረሸኑ 306 ወታደሮች በ2006 በሕግ ምሕረት ተደርጎላቸዋል። ቅድመ አያታችሁ ከእነሱ አንዱ ሆኖ ቢገኝ አትደብቁት። ብዙዎቹ ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ፤ ዘጠና ዓመት የታፈረበትን ስም ቤተሰቡ ደፍሮ ሲያነሳው ማየት እኔን ያስደስተኛል።

አያታችሁ በሁለተኛው ጦርነት የዘመተ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ብሪታንያ የዚያን ጊዜ የዘመቻ ሜዳሊያዎችን ለጦሯ ስም ሳታስቀርጽ ነው ያደለችው። ፋይሎቹ ከመከላከያ ሚኒስቴር ወደ ቤተ መዛግብቱ መዛወር የጀመሩት በ2022 ነው፤ ማመልከት ያስፈልጋል። ደግሞ ከመሳቢያ የአፍሪካ ኮከብ የሚባለውን የዘመቻ ሜዳሊያ ብታወጡ «ግብፅ ነበር» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ኤርትራና ኢትዮጵያ ለዘመተም ይሰጥ ነበርና። የካሜሮን ሃይላንደርስ የተባለው የስኮትላንድ ጦር ሁለተኛ ሻለቃ ለምሳሌ በ1941 መጀመሪያ ኤርትራ ውስጥ በከረን ከተማ አጠገብ ተራራ ላይ ነበር፤ የያዙት ሸንተረር በስማቸው ካሜሮን ሪጅ ተብሏል። እንዲህ ያለ መዝገብ ካገኛችሁ ላኩልኝ፤ እንግሊዞቹ እንደመሰላቸው የጻፏቸውን የአገራችንን ቦታዎች ከካርታ ጋር አብረን እናመሳክራለን።