መልስ፦ ጋለሪ ገብቼ ሳልገዛ ብወጣ ነውር ነው ወይ?

ነውር የለውም፣ ግቢና አይተሽ ውጪ። ባህር ዳር የገባሽባት ጋለሪ አንድ ሳሎን ስለማታክል ሰዓሊው አጠገብሽ ቆሞ ሲያይሽ የግድ መግዛት ያለብሽ መስሎሽ ጨንቆሻል፣ ግን ጀማሪ ሰዓሊ ስራውን ቆም ብሎ የሚያይለት ሰው ሲመጣ ራሱ ደስ ይለዋል።

ዋጋ ካልተለጠፈ በቀጥታ "ይሄ ስንት ነው?" በይ። እንደ ቅዳሜ ገበያ ግማሹን ጠርተሽ አትከራከሪ፣ ብዙ ጊዜ ጋለሪውም ድርሻ ስለሚወስድ ለሰዓሊው የሚደርሰው ከምታስቢው ያነሰ ነው። ብርሽ ካልበቃ ወረቀት ላይ የተሰራ ስኬች (ንድፍ) እንዳለው ሰዓሊውን ጠይቂው፣ ንድፉን ጋለሪው ግድግዳ ላይ ሳይሰቅሉት ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ፎቶ ልታነሺ ከሆነ አስፈቅጂ፣ ቲክቶክ ላይ ስትለጥፊም ስሙን ጻፊለት። ደግሞ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም ግድግዳ ላይ ያየሽውን ዓይነት ስዕል ጠብቀሽ ገብተሽ "ይሄ ደግሞ ምንድነው" እንዳትይ፣ አዳዲሶቹ ልጆች የሚሞክሩት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ከገዛሽ ግን ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስለምትመለሺ ስዕሉ በዘይት ቀለም ነው የተሰራው ወይስ በአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳታስጠቀልይ። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፣ ዘይት ግን ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ተጠቅልሎ እርስ በርሱ ተጣብቆ የተላጠ አይቻለሁ ያሳዝናል። መጠቅለል ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጪ ዞሮ ሰፊ ቱቦ ላይ ይሁን፣ እቃ አትጫኚበት፣ ቤት እንደደረስሽም ፍቺው።