ጃኬቱን ያላወለቀው ልጅ

ይድረስ ከልጆች ጋር ለመሥራት ለምትሰናዱ የሥነ ልቦና ተማሪዎች፣

ምክር ስጠን ብላችሁኛል። ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ወደ እኔ ተላከ። አብሮት የመጣው ወረቀት «ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል፤ ሰነፍ ነው፤ አመመኝ እያለ ይዋሻል» ይላል። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሐኪም መርምሮ ምንም አላገኘበትም። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ከበሩ አይነሳም። «ይሞቅሃል፣ አውልቀው እንጂ» አልኩት። በሁለተኛው ቀጠሮም ያንኑ ደገምኩለት። ስለ ጃኬት ምን አገባኝ!

በሦስተኛው ቀን ወንበሬን ጎትቼ ከጎኑ ሆንኩና እኔም በሩን ማየት ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ተባባልን። ከዚያ «እናቴ ውጭ አለች?» አለኝ። በሩን ከፈትኩለት፤ አንገቱን አስግጎ አያት፣ ተመልሶም ተቀመጠ። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። አባትየው እናቱን ይመታታል፤ ልጁ ከቤት የሚቀረው እሷን ሊጠብቅ ነው። ሕመሙም ውሸት አልነበረም፤ የፈራ ልጅ ሆዱን የምር ያመዋል።

እስካሁን ያለው ደህና ነበር። ያበላሸሁት ከእናቲቱ ጋር ስነጋገር ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። አራተኛው ቀጠሮ ላይ አልመጡም። ልደውል ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ባልየው ቢያነሳውስ? በየትኛው ሰዓት ብደውል እንደሚሻል አልጠየቅኳትም ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ከመጠበቅ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

እናትን መክሰስ በሙያችን የቆየ አመል ነው። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1944 ስርቆት የለመዱ 44 ልጆችን ጉዳይ አሳተመ። ከእነሱ 14ቱን ለሰው ፍቅር የላቸውም ብሎ ለይቶ ነበር፤ 12ቱ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው የኖሩ ሆኑ። ከስርቆቱ ጀርባ ያለውን የልጁን ኑሮ መጠየቁ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ የመረመራቸውም እሱ ራሱ ነው፤ ያም ሆኖ እንዲህ ያለው ሐሳብ ለብዙ ዓመት እናቶችን መውቀሻ ሆኖ አገልግሏል። እኔም ያኔ የተማርኩትን ይዤ ነው የፈረድኩባት።

አንድ ሌላ ነገር፦ ልጅ ምሥጢር ሊነግራችሁ ሲል «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አደጋ ካለ መናገራችሁ አይቀርም፤ ይህን ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት።

እናቲቱ በስድስተኛው ሳምንት ራሷ መጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ለብቻዋ አስቀምጬ የጠየቅኳት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰዓት ላይ ብደውል ይሻልሻል?» የሚል ነበር። ጥቂት አሰበችና «አትደውል፤ እኔ እደውላለሁ» አለችኝ።