ከቀረጻ የተረፈን ድምፅ ስለ መስማትና ስለ መፍረድ

ይድረስ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያው ለምትገኙ ሙዚቃ ወዳድ ወጣቶች፤

ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ከድሮ ቀረጻ በተረፉ ድምፆች ስለ ሠራው «ዘ ኤንድለስ ሪቨር» ስለተሰኘው አልበም ለሁለት ተከፍላችሁ መሟገታችሁን፣ ሙግቱም ፒያሳ ካለው ቡና ቤት ተነሥቶ እስከ መኮራረፍ መድረሱን ሰማሁ። «ጋሼ ይፍረዱን» ብላችሁ ወደ እኔ የመጣችሁት የሮክ አዋቂ ስለ ሆንሁ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ማይክሮፎን በመትከልና ቴፕ በመቁረጥ ስለ ሆነ፣ ተቆርጦ የወደቀ ድምፅ የት እንደሚገባ ያውቃል ብላችሁ ነው። ፍርዴን እሰጣለሁ። ነገር ግን ከአልበሙ ይልቅ የእናንተ አሰማም አሳስቦኛልና አስቀድሜ ስለ እሱ ልጻፍ።

ሁላችሁም ታሪኩን እኩል አታውቁትምና በአጭሩ ላስታውስ፤ የባንዱን ዓመታት የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ባንዱ በ1965 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጫወተው ረጃጅም፣ በኦርጋንና በገደል ማሚቶ የተሞላ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ጠፈር የሚያወራ ሙዚቃ ስለ ነበር «ስፔስ ሮክ» ከሚባለው ስልት ጀማሪዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል፤ በጁላይ 1969 ሰው ጨረቃን በረገጠ ጊዜም ቢቢሲ በቴሌቪዥን ሥርጭቱ መካከል ባንዱን በቀጥታ አጫውቶታል። ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከተለየ በኋላ ባንዱን የቀጠሉት ሦስቱ፣ ማለትም ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር፣ ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰንና ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት፣ በ1993 «ዘ ዲቪዥን ቤል» ለተሰኘው አልበም ሲዘጋጁ አንድ ላይ ሆነው፣ አስቀድሞ ያልተደረሰ ሙዚቃ እንደ መጣላቸው ለብዙ ሰዓታት ተጫወቱ። አልበሙ በ1994 ወጣ፤ 20 ሰዓት ያህል ቅጂ ግን መደርደሪያ ላይ ቀረ። ራይት በሴፕቴምበር 2008 በካንሰር ሞተ። ጊልሞርና ሜሰን ጊታሪስቱን ፊል ማንዛኔራን፣ ዩዝ የሚባለውን ፕሮዲውሰርና የድምፅ ባለሙያውን አንዲ ጃክሰንን ይዘው ወደዚያ ቅጂ ተመለሱ፤ መረጡ፣ ቆረጡ፣ ቀጠሉ፣ የጎደለውን በአዲስ ቀረጻ ሞሉና በኖቬምበር 2014 እንደ ሸክላ በአራት ገጽ የተከፈለ፣ 18 ትራክና 53 ደቂቃ ያህል ርዝመት ያለው አልበም አወጡ። ከመጨረሻው ትራክ በስተቀር የተዘፈነ ግጥም የለውም። በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ሰሚው ግን አልተስማማም።

የሰሚው አለመስማማት ያን ጊዜም የእናንተኑ ይመስል ነበር። አንዱ ወገን «ዘፈኑ የት አለ? ይሄ መቃኘት ብቻ ነው» ይላል፤ ማሲንቆ መቺው ክሩን ሲያጠብቅና ጣቱን ሲያሟሽ አምሽቶ፣ ዘፈኑን ሳይጀምር ተነሥቶ እንደ ሄደበት ይቆጥረዋል። ሌላው ወገን አልበሙን የራይት ተዝካር አድርጎ ይቀበለውና በድምፁ ላይ ነቀፋ የሰነዘረውን ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደ ሳቀ ሰው ያየዋል። ሦስተኛውም ወገን አለ፤ «ገንዘብ ፍለጋ ነው» ብሎ ነገሩን ባንድ ቃል ይዘጋዋል። እኔ እንደማየው ግን ሦስቱም ከመስማታቸው በፊት የጨረሱት ጉዳይ ነበራቸው፤ የመጀመሪያው በ1973 እና በ1975 የወጡትን ታላላቅ አልበሞች እየጠበቀ መጣ፣ ሁለተኛው ሐዘኑን ይዞ መጣ፣ ሦስተኛው ጥርጣሬውን ይዞ መጣ። አልበሙ ሲጀምር የሦስቱም ፍርድ ተጽፎ አልቆ ነበር።

የተረፈ ድምፅ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብላችሁ ሳይሆን «በምን ምክንያት ተረፈ?» ብላችሁ ይሁን። በእኛ የካሴት ዘመን አንድ ዘፈን ከአልበም የሚወጣው ሁልጊዜ ደካማ ስለ ሆነ አልነበረም። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ብቻ ይይዛል፤ አምባሰል ደግሞ ሲንዠቀዠቅ እንጂ ሲያጥር አያምርም፤ ስለዚህ ከሁሉ ያማረው ቅጂ ገጹ ስለ ሞላ ብቻ ተጥሎ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ሌላው ዜማው አምሮ ግጥሙ ስላላለቀ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ ብቻውን ሲሰማ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከጎረቤቶቹ ጋር ባለመስማማቱ ይወጣል። በርግጥ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ስለ ነበረ የቀረም አለ፤ እሱ ለዘላለም እንደ ቀረ ይቅር። ባዶ ቴፕ ውድ ስለ ነበረም በተረፈው ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበርና፣ በዚህ ምክንያት የጠፋውን ድምፅ ሳስብ የእንግሊዞቹን ሃያ ሰዓት ቅጂ ለሃያ ዓመት ያቆየው መደርደሪያ ከአልበሙ ይበልጥ ያስቀናኛል።

ይህን ጥያቄ ለ«ዘ ኤንድለስ ሪቨር» ብታቀርቡ የምታገኙት መልስ የሙግታችሁን ግማሽ ይፈታዋል። ቅጂው የተረፈው ተበላሽቶ አልነበረም፤ የ1994ቱ አልበም በአብዛኛው ግጥም ያላቸው ዘፈኖች ስብስብ ሆኖ ስለ ተሠራ እነዚህ ቃል አልባ ጨዋታዎች ቦታ አጡ። አንዲ ጃክሰን በዚያው ጊዜ ከእነርሱ አንድ ሰዓት ያህል የሚረዝም ቅንብር አዘጋጅቶ ነበር፤ እሱም ሳይወጣ ቀረ። እንግዲህ ራይት በሕይወት እያለ የታሰበን ነገር ከሞቱ በኋላ የተፈጠረ የገንዘብ ብልሃት ነው ማለት አያስኬድም። «መቃኘት ብቻ ነው» ያላችሁትም ብትሆኑ ያያችሁት ነገር ትክክል ነው፤ ሲጀመር ዘፈን እንዲሆን አልተጫወቱትም።

የራይት ትራፊ ግን ከዚህ የበለጠ ታሪክ አለው፤ እናንተም ብዙ የምትማሩበት እዚህ ላይ ነው። በ1970 ለወጣው «ዛብሪስኪ ፖይንት» ለተባለ ፊልም አንድ የፒያኖ ዜማ ሠርቶ ነበር፤ ዳይሬክተሩ አንቶኒዮኒ አልፈልገውም ብሎ መለሰው። ያ የተመለሰ ዜማ በ1973 በወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ውስጥ «አስ ኤንድ ዜም» ሆኖ ብቅ አለ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው እንደ ትራፊ አይደለም። ከዚያ አልበም በኋላም ባንዱ ሙዚቃን ከቤት ዕቃ ድምፅ ብቻ ለመሥራት ሞክሮ ተወው፤ በእርጥብ ጣት ጠርዛቸው ከተፈተገ የወይን ብርጭቆዎች የተቀዳው ድምፅ ግን በ1975 በወጣው «ዊሽ ዩ ወር ሂር» አልበም ላይ ለሚገኘው «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ለተሰኘ ዘፈን መክፈቻ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ ትራፊው የዳነው ባለቤቶቹ እንደገና አንሥተው፣ ገሚሱን ጥለው፣ በሌላ ሥራ ውስጥ ስለ ቀበሩት ነው። በ2014ቱ ሥራ ግን ከሦስቱ ተጫዋቾች አንዱ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። «ይሄኛውን ተዉት፣ ያን ቀን እጄ ከብዶኝ ነበር» ሊል አይችልም፤ «ያንን ለምን ጣላችሁት?» ብሎም ሊከራከር አይችልም። ስለዚህ በዚህ አልበም ላይ የምትሰጡት አስተያየት ከራይት አጨዋወት ይልቅ በመራጮቹና በቀጣዮቹ እጅ ላይ ማረፍ አለበት። ቃርሚያን ጎተራ አልሞላም ብሎ የሚወቅስ የለም፤ እህሉ ውስጥ ጠጠር ከተገኘ ግን ተጠያቂው ለቃሚው ነው።

በእኛ ዘንድ ይህን መለየት የሚከብደው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለን ስላደግን ነው። እዮብ መኮንን በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ካረፈ ከዓመታት በኋላ «እሮጣለሁ» የተሰኘው ሁለተኛ አልበሙ ሲወጣ ከብዙዎቻችን ጆሮ እንባችን ቀደመ፤ ቅንብሩ እንዲህ ነው፣ ሚክሲንጉ እንዲያ ነው ብሎ መናገር ነውር መሰለን። ሐዘኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሟችን ድምፅ ያቀናበረ ሰው በሕይወት ያለ ባለሙያ ነው፤ ሥራውን መመዘን ሙት መውቀስ አይደለም፤ እንዲያውም ካልተመዘነ በሌላ ጊዜ የሌላ ሟች ድምፅ በግድየለሽ እጅ ይወድቃል።

ስለ አሰማማችሁ የምለው አጭር ነው። ይህ አልበም አራቱ ገጾች በየራሳቸው ሳይቋረጡ እንዲሰሙ የተቀጠለ ስለ ሆነ፣ በባጃጅ ውስጥ ከስልክ ድምፅ ማጉያ ትራኮቹን እያዘላለላችሁ ሰምታችሁ ከሆነ ገና አልሰማችሁትም። ማዳመጫ አድርጋችሁ ቢያንስ አንዱን ገጽ በተራው ስሙት። ከዚያ በኋላ «አሰልቺ ነው» የሚል ሰው የሰለቸበትን ቦታ ይንገረኝ፤ «ልብ ይነካል» የሚልም እንዲሁ። ቦታውን ካልጠቀሳችሁ ስለ ራሳችሁ ነው የነገራችሁኝ።

አሁን ወደ ፍርዱ ልግባ። «ኢትስ ዋት ዊ ዱ» በተባለው ትራክ ላይ የ1975ቱ አልበም ጥላ ከመጠን በላይ ወድቋል፤ የሚያምር ጥላ ቢሆንም ጥላ ነው። በ«ስኪንስ» የሜሰን ከበሮ ባንዱ ወጣት ሳለ የነበረውን ድፍረት ያስታውሳል። በ«ቶኪን ሆኪን» የገባው የሳይንቲስቱ የስቲቨን ሆኪንግ ድምፅ አስቀድሞ በ1994ቱ አልበም ስለ ተሰማ፣ እኔ ብሆን አልደግመውም ነበር፤ ጠጠር ያልሁት ይህን ነው። የጊልሞር ባለቤት ፖሊ ሳምሰን ግጥሙን የጻፈችለት «ላውደር ዛን ወርድስ» ደኅና ዘፈን ነው፤ ሆኖም ከአርባ ደቂቃ በላይ ያለ ዘፈን ከተሄደ በኋላ ሲመጣ ሰሚው ያለ ቃል መቆየት አይችልም ብለው የፈሩ ያስመስላቸዋል። ከሁሉ የምወደው ሁለት ደቂቃ የማይሞላውን «ኦተም 68»ን ነው። ራይት በ1969 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ትልቁን ኦርጋን ሲጫወት የተቀዳ ስለ ሆነ የአዳራሹ ስፋት ራሱ ይሰማል፤ መራጮቹም ሊያሳምሩት አልታገሉም። በጠቅላላው አልበሙ ከ1975ቱ ያንሳል፣ ተወዳድሮም አልነበረም፤ ሩብ ያህሉን ቢቀንሱት ኖሮ ግን «መቃኘት ነው» ባዮቹ መከራከሪያ ያጡ ነበር።

ከመካከላችሁ ሁለት ሦስታችሁ ከጀማ ንጉሥ አካባቢ መንዙማ፣ ከአምባሰልና ከባቲ ደግሞ የአዛውንት ባለማሲንቆዎችን ጨዋታ በስልክና በኮምፒውተር እየቀዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የማትጠቀሙበትን ቅጂ አትደምስሱ፤ የዛሬ ማስቀመጫ እንደ እኛ ቴፕ አይወደድም። በየቅጂው ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጫዋቹን ስም፣ ቅኝቱንና ለምን እንደ ተረፈ ጻፉ፤ «ዝናብ ጣሪያውን መታው» ወይም «ግጥሙን ረሱት» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ለመውጣት የሚፈቅዱትን፣ ለማስታወሻ ብቻ እንዲቀመጥ የሚፈልጉትን፣ ጨርሶ እንዳይሰማ የሚሉትንም ባለቤቶቹን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም በገዛ ድምፃቸው በዚያው ቅጂ መጨረሻ ላይ ቅዱት።