የመድኃኒት ጥያቄና መልስ፦ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው አስፒሪን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ነው። ለእናቴ በየቀኑ እንድትወስድ የታዘዘላት አስፒሪን ከትልቅ ብልቃጥ ተቆጥሮ በወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጠን። አሁን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ ቀኑ ግን አላለፈም። ብትወስደው ችግር አለው?

መልስ፦ ይህን ክኒን አይስጧቸው። አስፒሪን ውኃ ሲያገኝ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ይለወጣል። ኮምጣጤን የሚያሸተው ይኸው አሴቲክ አሲድ ስለሆነ አፍንጫዎ አልተሳሳተም። ለዚህ ደግሞ ክኒኑ መርጠብ አያስፈልገውም፤ የአየሩ እርጥበት ብቻ በክኒኑ ፊት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውኃ ሽፋን ያበጃል፤ መድኃኒቱ እዚያ ላይ እየሟሟ ይፈርሳል። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል፦ በግምት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

ክኒኑን ወደ ብርሃን አድርገው ይመልከቱት። ፊቱ ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ የሚያብለጨልጩ ነገሮች ካሉ የሳሊሲሊክ አሲድ ክሪስታሎች ናቸው። ይህ አሲድ ጨጓራ ይቆጠቁጣል እንጂ ደም እንዳይረጋ በማድረግ አስፒሪንን አይተካም፤ ያንን ሥራ የሚሠራው ተገንጥሎ አሴቲክ አሲድ የሆነው ክፍል ነበር። ፀሐይ ላይ ቢያሰጡትም አይመለስም።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የሚታመነው መድኃኒቱ በፋብሪካው እሽግ እስካለ ድረስ ነው። ወረቀት እርጥበት አይከለክልም። እናትዎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ ዛሬውኑ ይተኩላቸው፤ ሲገዙም በስትሪፕ (እያንዳንዱ ክኒን ለየብቻ በታሸገበት ቅጠል) ያለውን ይጠይቁ። ቤት ውስጥ ከቆርቆሮው ሥርና ከምድጃው ርቆ፣ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። የ3 ቀን የቀረኝ አሞክሳሲሊን ካፕሱል ብልቃጡ ውስጥ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ፍሪጅ ውስጥ ላድርገው?

መልስ፦ ፍሪጅ ያባብሰዋል። የቀዘቀዘ ካፕሱል ወደ ሐይቁ ዳር እርጥብ አየር ሲወጣ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። የካፕሱሉ ቅርፊት ጄላቲን ነው፤ ደህና ሆኖ የሚቆየው ከክብደቱ ከ13 እስከ 16 በመቶ የሚሆን ውኃ ሲይዝ ነው። ከዚያ ሲበልጥ ይለሰልስና ይጣበቃል፤ ሲያንስ ደግሞ ሲነኩት ይሰነጠቃል። አሞክሳሲሊንም ራሱ እርጥበት ስለሚያበላሸው ካፕሱሎቹን አላቆ መዋጥ አያዋጣም። ወደ ፋርማሲው ወስደው ያስተኩ፤ የቀሩትን 3 ቀናት ግን ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ብልቃጡ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢት አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ እርጥበቱን የምትመጠው እሷ ስለሆነች ካፕሱሉ እስኪያልቅ እዚያው ትቆይ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ። አባቴ የኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) ካፕሱል መዋጥ አቃታቸው። ከፍተን ብንሰጣቸውስ?

መልስ፦ አዎ፣ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን እንክብሎች ካልደቀቁ። ኦሜፕራዞል የጨጓራ አሲድ ሲነካው ይበላሻል፤ እያንዳንዷ እንክብል የተሸፈነችውም አሲዱን አልፋ አንጀት ስትደርስ እንድትሟሟ ነው። በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ይበትኑትና በ30 ደቂቃ ውስጥ ሳያኝኩ ይጠጡ፤ ብርጭቆው ላይ የቀረውንም አለቅልቀው ይጨምሩላቸው። በወተት አይሆንም፤ ወተት ሽፋኑን ቀድሞ ሊያሟሟው ይችላል። አባትዎ የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ ቀስ እያለ የሚለቅ ኒፌዲፒን የሚወስዱ ከሆነ ግን እሱን ከቶ አይፍጩት። የብዙ ሰዓቱ መድኃኒት በአንዴ ደም ውስጥ ይገባና ግፊታቸው በድንገት ይወርዳል።