በሰው ስም ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ጠይቁኝ

ሳዑዲ ስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ስኖር ፓስፖርቴ ላይ ያለው ስም የኔ አልነበረም። ዕድሜውም፣ ሃይማኖቱም። ዛሬ ከስደት ተመላሾችን በማማከር እሠራለሁ። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስም መቀየር ያን ያህል ይከብዳል እንዴ?

መልስ፦ ስሙ ብቻ ቢሆን ይለመድ ነበር። 17 ዓመቴ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ 25 ተባልኩ። ደላላው ማተቤን አስፈታኝ፣ እኔም የሻንጣዬ ገበር ውስጥ ሰፋሁት። ከዚያ በኋላ እጄ እንዳያማትብ፣ ስደነግጥ "ማርያም!" ብዬ እንዳልጮህ፣ በእንቅልፌ እንዳልናገር ቀንም ሌሊትም ራሴን ስጠብቅ ኖርኩ። ሳህን ከእጄ ሲወድቅ የምደነግጠው ለሳህኑ ሳይሆን ከአፌ ለወጣው ቃል ነው። ከሥራው ይልቅ ያደከመኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ ጋ ስትደውዪስ እፎይ አትዪም ነበር?

መልስ፦ የምደውለው ማዳም አጠገብ ሆኜ ነው። እማዬን "ልጄ ብቻ በዪኝ" አልኳት። መጀመሪያ እየረሳች በስሜ ስትጠራኝ ስልኩን እዘጋባት ነበር። አገሬ ከገባሁ በኋላም ለወራት "ልጄ" ስትለኝ ቆየች።

ጥያቄ፦ ጥሩ አሠሪ ቢገጥምሽስ?

መልስ፦ ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቀኝም። የቤቱ ትንሿ ልጅ አንገቴን አቅፋ "ዘህራ፣ እወድሻለሁ" ስትለኝ ደስታው እኔ ጋ አይደርስም። የተወደደችው ዘህራ ናት። ስድቡ ግን ቀጥታ እኔን ነው የሚያገኘኝ። ከብዙ ተመላሾችም ይሄንኑ ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላይና ፖሊስስ? እነሱ እኮ ሥልጠና አላቸው።

መልስ፦ ሥልጠና እንዳትያዝ ይረዳሃል እንጂ ከዚህ አያድንህም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2008 የቆየ ድብቅ የፖሊስ ክፍል ነበር። አንዳንዶቹ የሞቱ ሕፃናትን ስም ይዘው ለዓመታት ኖሩ፣ በዚያው ስም ከሴቶች ጋር ፍቅር ጀመሩ፣ ልጅ የወለደም አለ። እኔ ይበልጥ የማዝነው ለሴቶቹ ነው። ያፈቀሩት ሰው ጭራሽ እንዳልነበረ ሲያውቁ የገዛ ትዝታቸውን እንዴት ይመኑ?

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። እናቴ ሱዳን ካምፕ ውስጥ አይሁድነቷን ደብቃ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ትንፍሽ አትልም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ኡም ራኩባን በመሰሉ ካምፖች የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ማንነታቸውን መደበቅ ነበረባቸው። በመንገድና በካምፕ ሺዎች አልቀዋል። የተረፉትም እስራኤል ሲገቡ ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። እናትህን ዝምታዋ አድኗታል፣ በግድ አታስጥላት። "ምን ደረሰብሽ" ከማለት "እዚያ ምን ትበሉ ነበር" ብለህ ጀምር።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጅዳ ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው። በስሟ ስንጠራት አትዞርም። አብዳ ይሆን?

መልስ፦ በስሟ አለመዞሯ ብቻ እብደት አይደለም። "ስምሽንም ረሳሽ?" ብላችሁ ሰው ፊት አትሳቁባት። በየትኛው ስም ብትጠሯት ደስ እንደሚላት እሷኑ ጠይቋት። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ እምቢ ካለች ወይም ሞትን ካነሳች ግን ጠበሉን ሳታስቀሩ የአእምሮ ሐኪም ጋም ውሰዷት፣ ቀን አትቁጠሩ። ማተብ ገዝታችሁም አንገቷ ላይ አትሰሩላት። እኔ የሻንጣዬን ገበር ተርትሬ የራሴን ለማውጣት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።